የጎዳና ውሻን በአደራ መያዝ፦ ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ርክክብ

ከመንገድ የተነሣን ውሻ ቋሚ ባለቤት እስኪያገኝ ቤት ማቆየትና የራስን ውሻ ማሳደግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የአደራ ውሻ ነገ የሌላ ሰው ግቢ ይገባል፤ ከሌላ ሰው ልጆች ጋር ይኖራል፤ ምናልባትም የሚመግበው የሌላ ሰው ዘበኛ ነው። ስለዚህ ሥራው ተሳካ የሚባለው ውሻው ከተሰጠበት ቤት ሳይመለስ ሲቀር ነው። ከዚህ በታች ያለው የአዲስ አበባን ግቢ፣ ኮንዶሚኒየምና ገበያ ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ነው።

ውሻው ከመምጣቱ በፊት

ተከራይ ከሆናችሁ መጀመሪያ አከራዩን አነጋግሩ። «ሁለት ሳምንት ነው» ተብሎ የገባ ውሻ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ወንድ ቡችላ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ያደገች ሴት ውሻ ግን ወራት ትቆያለች፤ ይህን አስቀድማችሁ ለራሳችሁም ለአከራዩም ንገሩ። ውሻውን የሚያመጣላችሁ ሌላ ግለሰብ ወይም ማኅበር ከሆነ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ቴሌግራም ላይም ቢሆን፦ የሕክምናውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? ውሻው ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ማን ነው? እናንተ ባትችሉ ውሻው ወዴት ይሄዳል? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚያነሣ ጥቂት ሰው ነው፤ ጠቡ የሚመጣው ግን በእሱ ነው።

ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ክትባቱ ያላለፈበት መሆኑን አረጋግጡ። አልፎ ከሆነ አስከትባችሁ ቢያንስ 2 ሳምንት ጠብቁ። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ጠባዩ ያልታወቀ ትልቅ ውሻ ባይወስድ ይመረጣል።

ማደሪያው ለብቻው የሚዘጋ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ የሆነ ቦታ ይሁን፦ ሰርቪስ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ መታጠቢያ ቤቱ። አፈር ላይ አታኑሩት፤ ፓርቮ (ቡችላ የሚገድል የተቅማጥ ቫይረስ) የያዘው ቢሆን አፈር አይታጠብም። በረንዳም አይሆንም፤ የፈራ ውሻ በብረቱ መሐል ሾልኮ ይዘላል። ከታች ካርቶን፣ በላዩ ማዳበሪያ፣ ከዚያ አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲነጠፍ ሁለት ብርድ ልብስ አዘጋጁ። ስፖንጅ አታንጥፉ፤ ቀዶ ይውጠዋል፤ የተዋጠ ስፖንጅ አንጀት ይዘጋል። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ከባድ የውሃና የምግብ ሳህን፣ በረኪና፣ ጓንት፣ ለውሻው ብቻ የሚሆን ቴርሞሜትር፣ የአንገት ማሰሪያ፣ የደረት ማሰሪያ፣ 2 ሜትር ገመድ ነው።

የአንገትና የደረት ማሰሪያ ሁለቱም ይደረጉ፤ ገመዱ በሁለቱም ይግባ። የደነገጠ ውሻ ወደ ኋላ ሲጎትት የአንገቱ ማሰሪያ በጆሮው ላይ ሾልኮ ይወጣል። በአንገቱና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ብቻ የሚገባ ከሆነ ልክ ነው። ደግሞ የአደራ ውሻ በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ለመኪና የግቢው በር ሲከፈት ነው። ከውሻውና ከመንገዱ መካከል ሁልጊዜ ሁለት የተዘጋ በር ይኑር። ዘበኛውንና የቤት ሠራተኛዋን በዚህ አስማሙ፤ በሩን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ሌሊት

ውሻው ሲደርስ በገመድ ይዛችሁ መጀመሪያ ሽንት ወደሚሸናበት የግቢው ጥግ ውሰዱት፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ። ውሃ አስቀምጡ፣ ጥቂት ምግብ ስጡ፣ ውጡ። በዚያ ቀን አታጥቡት፣ ጎረቤት ጠርታችሁ አታሳዩ፣ አትቀፉት። የማቀፍ ፍላጎቱ የሰው ነው፤ ለውሻው መያዝና መታፈን ነው።

ስትገቡ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉ፤ ፊት ለፊት ቆማችሁ ዓይን ዓይኑን አትዩት። እጅ ከራሱ በላይ አይሂድ። ከንፈሩን ከላሰ፣ ሳይደክመው ካዛጋ፣ ፊቱን ሳያዞር የዓይኑን ነጭ እያሳየ ካያችሁ፣ ወይም ድርቅ ብሎ ከቆመ «ራቁልኝ» እያለ ነው፤ ራቁለት። ካጉረመረመም አትቆጡት። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና በቀጥታ መንከስ ይለምዳል። «ሳያስጠነቅቅ ነከሰ» ከሚባሉት ውሾች ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያቸው በዱላ የተወሰደባቸው ናቸው።

ቡችላ ሌሊቱን ያለቅሳል። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ (የፈላ ሳይሆን) ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አድርጉለት። ሙቀቱ ሲበዛበት የሚርቅበት ቦታ ይተውለት።

ስለ ውሾች መላመድ የተለመደ ግምት አለ፦ 3 ቀን ይፈራል፣ በ3 ሳምንት ሥርዓቱን ያውቃል፣ በ3 ወር እውነተኛ ጠባዩ ይወጣል። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ቢሆንም በመጀመሪያው ሳምንት «በጣም ረጋ ያለ ውሻ ነው» ብላችሁ ለማንም አትንገሩ። ድርቅ ብሎ የፈራ ውሻም ረጋ ያለ ይመስላል።

ምግብ

አጥንቱ የወጣ ውሻ ሲታይ እጅ የሚቀድመው ሳህን ለመሙላት ነው። አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል በተለይ ሩዝና ዳቦ በብዛት በድንገት ሲገባለት በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ፖታሲየም በፍጥነት ይወርዳል፤ ልብ ሊቆም ይችላል። ቀላሉ ስሌት ይህ ነው፦ የውሻውን ክብደት በ30 አባዙ፣ 70 ደምሩ። የ10 ኪሎ ውሻ 370 ካሎሪ ይሆናል፤ ተኝቶ ለመዋል የሚያስፈልገው ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሲሶውን፣ በሁለተኛው ሁለት ሦስተኛውን፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙሉውን ስጡ፤ በየቀኑ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ተከፍሎ። ከዚያ ሰገራው ጠንካራ ሆኖ ከቀጠለ በየጥቂት ቀኑ ጨምሩ።

የ370 ካሎሪ ምግብ በገበያ ዕቃ ሲተረጎም አንድ ኩባያ የበሰለ ሩዝ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና 50 ግራም ገደማ የበሰለ ቀይ ሥጋ ነው። በጣም ለከሳ ውሻ ሩዙን ቀንሱና እንቁላሉንና ሥጋውን አብዙ። ሩዝና ሥጋ ብቻ ለቡችላ ለሳምንታት ከተሰጠ ካልሲየም ያንሰዋል፤ እግሩ ይጎብጣል፣ አጥንቱ በትንሽ ነገር ይሰበራል። አቅም ካለ ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ግዙ። ካልሆነ ለግማሽ ኪሎ ምግብ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተቀቀለና እንደ ዱቄት የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩ።

የወጥ ትርፍራፊ አይሰጥም። ችግሩ በርበሬው ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፤ መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ለ10 ኪሎ ውሻ ከ150 ግራም ጀምሮ ጉዳት ሊታይ ይችላል፤ ወጣችን ደግሞ በሽንኩርት የቆመ ነው። ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ከወጡ ጋር የሚያያይዘው የለም፦ ድድ ይነጣል፣ ሽንት እንደ ኮካ ይጠቁራል፣ ውሻው ይዝላል። ዘቢብ፣ ወይንና ቸኮሌትም ክልክል ናቸው። ያልተቀባባ እንጀራ በመጠኑ ምንም አይለውም።

ከሥጋ ቤት የሚገኘው ሳንባና ጉበት ርካሽና ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል። በጥሬው ሲበላ በውስጡ ያለው የውሃ ከረጢት ውሻው ሆድ ውስጥ የኮሶ ዓይነት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ ጉበትና ሳንባ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ከረጢት ይሠራል። የበሰለ አጥንት በተቃራኒው አይሰጥም፤ እንደ መስተዋት ይሰነጠቃል። በበዓል ማግስት የእንስሳት ክሊኒክ ከሚሞላባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሌላው መርሳት የሌለበት ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ከቅበላ በፊት ሳንባና ጉበት ቀቅላችሁ በየቀኑ ልክ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ፣ ወይም በእንቁላል አሻግሩት።

ጡት ላልጣለ ቡችላ የላም ወተት ብቻውን አይበቃም፤ የውሻ ወተት በስብና በፕሮቲን ይበልጠዋል። ለቡችላ የተሠራ የዱቄት ወተት እስኪገኝ ለአንድ ሁለት ቀን 240 ሚሊ ሊትር ሙሉ ወተት ከ3 የእንቁላል አስኳል፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ከቁንጥር ጨው ጋር መቶ በለብታ መስጠት ይቻላል። በሆዱ ተኝቶ ይጥባ። እንደ ሕፃን በጀርባው ካስተኛችሁት ወተቱ ሳንባው ይገባል። ከ3 ሳምንት በታች ያለ ቡችላ ራሱ አይሸናም፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በለብታ ውሃ የራሰ ጥጥ ከሆዱ በታች አሹለት።

የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ጤና

ውሻው ለ14 ቀን ከሌሎች ውሾች ይለይ፤ ሳህን፣ ብርድ ልብስ፣ መጥረጊያ ሁሉ ለብቻ። መጀመሪያ የራሳችሁን ውሾች፣ መጨረሻ የአደራውን ጎብኙ፤ በጫማ የሚጓዝ በሽታ ይበዛል። በየጠዋቱ ሙቀቱን ለኩ፤ ጤነኛ ውሻ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ በእጅ ሲዳሰስ ለሰው ትኩሳት ይመስላል። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን በጣት ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ነጭ የሆነው በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ካልተመለሰ ፈሳሽ አንሶታል ወይም ደም ጎድሎታል፤ ወደ ሐኪም ነው። ክብደቱን ለማወቅ ይዛችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ የራሳችሁን ቀንሱ። መድኃኒት ሁሉ በኪሎ ስለሚለካ በግምት አይሠራም።

እንስሳት ክሊኒክ በመጀመሪያው ሳምንት ይሂድ። ጥምር ክትባቱ (ፓርቮ፣ ዲስቴምፐርና ሄፓታይተስን የያዘው) ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ይጀመርና እስከ 16 ሳምንት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። አንዴ ተወግቶ የቀረ ቡችላ እንደተከተበ አይቆጠርም፤ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላልና። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ዕድሜ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ውሻውን ወደ ገጠር የሚወስድ ፈላጊ ካለ ክትባቱን አጥብቃችሁ ያዙ። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ነው።

ትል የሌለበት የጎዳና ቡችላ የለም ብላችሁ ጀምሩ። ፒራንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ለክብ ትል፣ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ለኮሶ ዓይነቱ የተለመዱ ልኮች ናቸው። ቡችላ ከ2 ሳምንቱ ጀምሮ እስከ 8 በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ይወስዳል። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ቡችላ ከመድኃኒቱ በኋላ በሰገራው እንደ ስፓጌቲ ያለ ትል ቢያወጣ አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ሠርቷል።

እከክ ሲታይ ሰዉ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ሮጦ የከብት አይቨርሜክቲን ይገዛል። ያ ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም የያዘ ነው፤ ለ10 ኪሎ ውሻ የሚበቃው የአንድ ሚሊ ሊትር ሩብ ገደማ ሲሆን አንድ ሲሪንጅ ሙሉ መውጋት ስንት እጥፍ እንደሆነ አስሉት። ውሻው ይንገዳገዳል፣ ይታወራል፣ ይሞታል። ሐኪሙ መዝኖ ይስጥ። አንዱ የእከክ ዓይነት ወደ ሰው ይተላለፋልና በጓንት ያዙት፤ ክንዳችሁና ወገባችሁ ላይ ማሳከክ ከጀመረ እናንተም ታከሙ። መዥገር በወረንጦ ከቆዳው ሥር ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀላል፤ በናፍጣ ወይም በክብሪት አይደለም። መዥገር የበዛበት ውሻ ከሳምንታት በኋላ ከነሰረውና ከደከመው ለሐኪሙ «መዥገር ነበረበት» በሉ፤ ኤርሊኪያ የሚባለው በሽታ በዶክሲሳይክሊን ለ28 ቀን ይታከማል፣ ግን ካልተጠረጠረ ሳይታወቅ ያልፋል።

ከጎዳና ውሾች ጋር የማይሠራ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከሴት ውሻ ብልት ደም ሲንጠባጠብ «እያማራት ነው» (ወንድ ፈልጋ ነው) ተብሎ ይታለፋል። የውሻ አምሮት 2 ወይም 3 ሳምንት ቆይቶ ይቆማል። ደሙ ካላቆመ፣ ወይም በወንዱም ላይ ከታየ፣ በጓንት ገልጣችሁ እዩ፤ እንደ አበባ ጎመን የተቆራረሰ ቀይ እጢ ካለ በግንኙነትና በመላላስ የሚተላለፍ የውሻ ዕጢ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ በሳምንት አንዴ በሚሰጥ ቪንክሪስቲን፣ በብዛት ከ4 እስከ 6 ዙር፣ አብዛኛው ይድናል። መድኃኒቱ የካንሰር መድኃኒት ስለሆነ በክሊኒክ ብቻ ይሰጣል፤ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሽንቱንና ሰገራውን ያለ ጓንት አትንኩ።

ፓርቮ የቡችላ ገዳይ ነው። ትናንት የተጫወተ ቡችላ ዛሬ አይበላም፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ክፉ ሽታ ያለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይከተላል። ከተጋለጠ በኋላ ምልክቱ ለመታየት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል፤ ለዚህም ነው 14 ቀን የሚለየው። የሚገድለው በዋናነት ፈሳሽ መጉደል ስለሆነ የደም ሥር ጉሉኮስ በጊዜ ያገኘ ብዙው ይተርፋል። «ነገ እናየዋለን» የሚባልበት በሽታ አይደለም፤ የሚያስመልሰውን ቡችላ አፉን ከፍቶ ኦ አር ኤስ መጋትም ሳንባው ከማስገባት በቀር አይረዳም። ክፍሉን መጀመሪያ በሳሙና አጥባችሁ አለቅልቁ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና አይሠራም፣ ሽንት ላይ ከፈሰሰም ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ከዚያ በቡና ሲኒ አንድ ሲኒ በረኪና በ2 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ወለሉ ላይ 10 ደቂቃ አቆዩ። ዲቶልና አልኮል ይህን ቫይረስ አይገድሉም።

የሰው ህመም ማስታገሻ፣ ፓራሲታሞልም ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም፣ ለውሻ አይሰጥም።

ንክሻና የእብድ ውሻ በሽታ

ቡችላም ቢሆን፣ ጭረትም ቢሆን፣ የነከሰው ውሻ ክትባቱ የማይታወቅ ከሆነ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰዉ አሁንም ፓስተር የሚለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለዚህ የታወቀ ቦታ ነው። ጠበልም የባህል መድኃኒትም የሚፈልግ ሰው ክትባቱን ከጀመረ በኋላ ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ውሻውን አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ተዘግቶ ይታይ። ጤነኛ ሆኖ ከወጣ በነከሰበት ዕለት በምራቁ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። በመሐል ከሞተ አትቅበሩት፤ ለምርመራ ወዴት እንደሚወሰድ ሐኪሙን ጠይቁ።

14 ቀን ማለፉ ከዚህ በሽታ ነፃ አያደርግም፤ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ከተያዘ በኋላ የተሰጠ ክትባትም ላያስቆመው ይችላል። ውሻው በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ መንጋጋው ተንጠልጥሎ ለሃጩ ከተዝረከረከ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። በዚህ መንገድ የተጋለጠ ብዙ ነው። በሩን ዝጉና ሐኪም ጥሩ። ውሻ ደጋግማችሁ የምትይዙ ከሆነ ለራሳችሁ ቅድመ መከላከያ ክትባት ስለመውሰድ ሐኪም አማክሩ።

ለሌላ ቤት ማዘጋጀት

ለማስተማሪያ የተቀቀለ ሳንባ በጣት ጥፍር ልክ ቆርጣችሁ ኪስ ውስጥ ያዙ። ቁራሹ ትንሽ ካልሆነ ከአምስት ጊዜ በኋላ ይጠግብና ትምህርቱ ያበቃል። ስሙን ጥሩ፣ ዞር ሲል ስጡት። ስሙ አጭር ይሁን፣ የመጪው ቤተሰብም ልጆች በቀላሉ የሚጠሩት።

ሽንት ውጭ ማስለመድ በሰዓት የሚመራ ነገር ነው፦ ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ከበላ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ፣ ከጨዋታ በኋላ፣ ከመተኛቱ በፊት። ቡችላ መታገሥ የሚችለው ቢበዛ በወር ዕድሜው ላይ አንድ ተደምሮ በሚመጣው ሰዓት ነው፤ የ3 ወር ቡችላ 4 ሰዓት። ውጭ ሲሸና እዚያው ቆማችሁ ሸልሙት፤ ቤት ገብታችሁ ከሰጣችሁት የተሸለመው ለመግባቱ ነው። ቤት ውስጥ ሲሸና አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ከእናንተ ተደብቆ መሽናትን ነው። ቦታውን በሳሙና፣ ቀጥሎም በውሃ በቀጠነ አቼቶ አጽዱ፤ ሽታው ከቀረ ተመልሶ እዚያው ይሸናል።

በየቀኑ አንድ ደቂቃ መዳፉን፣ ጆሮውን፣ ከንፈሩን እየነካችሁ ሸልሙ። ለብቻው መቆየትንም በ5 ደቂቃ ጀምራችሁ አስለምዱት። ቀኑን ሙሉ ሰው ጉያ የኖረ የአደራ ውሻ አዲስ ቤት ሲገባ በር ይቧጭራል፣ ያላዝናል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ከራሳችሁ ውሻ ጋር ስታስተዋውቁት ከግቢ ውጭ፣ ሁለት ሰው ሁለቱን በገመድ ይዞ፣ በመንገድ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን በመራመድ ይሁን። በሩ ላይ ፊት ለፊት ማገናኘት ጠብ መጥራት ነው። መጀመሪያ የምግብ ሳህን ከመሐላቸው ይውጣ።

ለመስቀልና ለአዲስ ዓመት ርችት ሲተኮስ ከመሸ በኋላ አታውጡት፤ መስኮት የሌለበትን ክፍል አዘጋጁለት።

ይህን ሁሉ ደብተር ላይ አስፍሩ፦ ሕፃን ሲያይ ምን ያደርጋል፣ ድመት፣ ዶሮ፣ በግ፣ ሞተር ሳይክል፣ ዱላ የያዘ ሰው፣ ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ሳህኑ ላይ እያለ ሲቀርቡት፣ ተኝቶ ሲነኩት። «ጎበዝ ውሻ ነው» ለማንም አይጠቅምም። «በሚበላበት ጊዜ ከአንድ ሜትር ሲቀርቡት ያጉረመርማል፣ ሲርቁለት ይተዋል» የሚለው መስመር ግን ልጅ ያለውን ቤተሰብ ከንክሻ፣ ውሻውን ከመባረር ያድናል።

ባለቤት ማግኘት

ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ በውሻው ዓይን ቁመት በርከክ ብላችሁ አንሡ፤ አንዱ ፊቱን፣ አንዱ ሙሉ ቁመቱን ከሰው እግር ጋር። ማስታወቂያው ላይ የሚያስለቅሰውን ታሪክ አሳጥሩና ዕድሜ፣ ክብደት፣ ክትባት፣ መምከኑንና አለመምከኑን፣ ጠባዩን፣ ጉድለቱን ጻፉ። በእዘኔታ የወሰደ ሰው እዘኔታው ሲያልፍ ውሻው ይከብደዋል።

የሚደውለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ይጮኻል ወይ?» ብሎ ነው፤ ጠባቂ ይፈልጋል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ከቤተሰቡ ጋር የተላመደ ውሻ ለእንግዳ መጮኹ አይቀርም። ልንቀበለው የማይገባው ቀንም ሌሊትም በሰንሰለት የሚታሰርበትን ቤት ነው፤ የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል መናከስን ይመርጣል፣ የሚነክሰውም በብዛት ወደ ክልሉ የገባን ሕፃን ነው። በከተማው ዳር፣ አጥር በሌለበት፣ ሌሊት የታሰረ ውሻ ደግሞ የጅብ ነው።

ከጥያቄዎች ሁሉ ብዙ የሚናገረው «በፊት የነበረው ውሻ ምን ሆነ?» የሚለው ነው። «ጠፋ»፣ «መኪና ገጨው»፣ «መርዝ በላ» ከተባለ በሩ ክፍት ያድራል ማለት ነው። አስከትሉና ለበዓል አገር ቤት ሲሄዱ ማን እንደሚመግበው፣ አከራዩ መስማማቱን፣ ቤተሰቡ ሁሉ መፈለጉን ጠይቁ። ውሻ ቤት ውስጥ እንዲገባ በሃይማኖት ምክንያት የማይፈልጉ አያት ካሉ አትከራከሩ። በረንዳ ላይ ደረቅ ማደሪያና የሚጎበኘው ሰው ካለው ውሻው ደህና ይኖራል፤ ያ ሳይታወቅ ከተሰጠ ግን ከሳምንት በኋላ ወዴት እንደሚጣል አይታወቅም። ሄዳችሁ ግቢውን እዩ፦ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት፣ የአጥሩ ቁመት፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ቦታ።

ሴት ውሻ ሳትመክን አትስጡ። «እኛ እናስመክናታለን» የሚለው ቃል በቅንነት ይነገራል፣ ግን ከ6 ወር ጀምራ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች፤ ከዚያ በ63 ቀን ስድስትና ሰባት ቡችላ ይመጣል፤ መንገድ ላይ የሚጣሉትም እነሱ ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን አትታጠብ፣ አትዝለል፣ ቁስሉን እንዳትልስ የአንገት ከለላ ታድርግ፤ በቀን ሁለት ጊዜ እዩት። መቅላት ሲጨምር፣ ሲያብጥ ወይም ፈሳሽ ሲወጣ ወዲያው ይመለስ።

ውሻውን ወደ ውጭ አገር የሚወስድ ፈላጊ፣ የኤምባሲ ሠራተኛም ይሁን ለእረፍት የመጣ ዲያስፖራ፣ ካለ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ)፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ለመከላከያ መጠን ምርመራ ደም፣ ደም ከተወሰደ በኋላ የ3 ወር ቆይታ ነው። ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ አይቆጠርም፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገማል። አሜሪካ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ6 ወር በታች የሆነ ወይም ቺፕ የሌለው ውሻ አታስገባም፤ ከዚያ ሌላ ያለውን ወረቀት ወሳጁ ትኬት ከመግዛቱ በፊት ይጨርስ።

ርክክቡ ጠዋት፣ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል፤ ቤተሰቡ ሁለት ቀን አብሮት ይውላል። ያልታጠበ ብርድ ልብሱን፣ የ3 ቀን የለመደውን ምግብ፣ የክትባት ካርዱን፣ የደብተሩን ግልባጭ አብራችሁ ስጡ። ስልክ ቁጥር ማሰሪያው ላይ ይጻፍ። በአጭር ስምምነት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አይቅር፦ በማንኛውም ምክንያት ውሻው የማይፈለግ ከሆነ ለሌላ ሳይሰጥ ወደ እናንተ ይመለሳል። በ3ኛው ቀን፣ በ3ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ደውሉ። «እንዴት ነው?» ካላችሁ «ደህና ነው» ትባላላችሁ፤ «የት ነው የሚያድረው? ትናንት ምን በላ? ማንን ይከተላል?» በሉ።

ክፍሉን ከላይ እንደተባለው በሳሙናና በበረኪና እጠቡ፣ ካርቶኑንና ማዳበሪያውን አቃጥሉ። ፓርቮ የነበረበት ቤት ከሆነ ቫይረሱ በአፈርና በስንጥቅ ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ቀጥሎ የሚመጣው ክትባቱን የጨረሰ ትልቅ ውሻ ይሁን፤ ቡችላውን ሌላ ሰው ይያዝ።